ማተሚያው ለፊደሉ ወይስ ፊደሉ ለማተሚያው?

ስለ ሥነ ጽሑፋችን ዕድገት በተነሣ ቁጥር ውይይቱ ብዙውን ጊዜ በደራሲውና በዘመኑ፣ በድርሰቱ ይዘትና ቅርጽ ዙሪያ ይሽከረከራል። ድርሰቱን ከደራሲው ጠረጴዛ አንሥቶ በአንባቢው እጅ የሚያኖረው መሣሪያ ግን እንደ አጋሰስ ይታያል፤ ጭነቱን አድርሶ የሚመለስ፣ በጭነቱ ላይ ግን አንዳች ለውጥ የማያደርግ ይመስላል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ብራናው፣ የእርሳስ ፊደሉ፣ የጽሕፈት መኪናው፣ ስቴንስሉና ኮምፒዩተሩ በአማርኛ ጽሑፍ መልክ ላይ፣ በመልኩም በኩል በአነባበቡ ላይ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አሻራ አሳርፈዋል። ስለዚህ የኅትመትን ታሪክ መመርመር የመካኒኮች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የኪነ ጥበብ ሂስ ተግባርም ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ አንድ ነው፤ ማተሚያው ለፊደሉ ተበጀ ወይስ ፊደሉ ለማተሚያው ተቈረጠ?

በቅድሚያ ከማተሚያ በፊት የነበረውን ገጽ እናስታውስ። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ መቃውን ቀርጾ ሲቀመጥ በእጁ የያዘው መሣሪያ ለፊደሉ ፍጹም ታዛዥ ነበር። ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ ይለያል፤ አርእስቱንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ያጐላል፤ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ሐረግ ይስላል፤ መጽሐፉ ድጓ ከሆነም በመስመርና በመስመር መካከል ለዜማው ምልክት የሚሆኑ ጥቃቅን ፊደላትን ያስገባል። ገጹ ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለድምፅም የተዘጋጀ ነበር። ይሁን እንጂ ይህን ውበት የሚያወድስ ሁሉ ሌላውን ገጽታ መዘንጋት የለበትም። አንድ መጽሐፍ የብዙ በግና ፍየል ቆዳ፣ የብዙ ወራትም ድካም ይጠይቅ ስለ ነበር ሀብትነቱ የቤተ ክህነት፣ የቤተ መንግሥትና የባለጸጋ እንጂ የገበሬው አልነበረም። የብራናው ውበት በጥቂቶች እጅ የተቈለፈ ውበት ነበር። ይህን ቁልፍ ሊሰብር የሚችለው ማተሚያ ብቻ ነበር።

ዮሐንስ ጉተንበርግ በጀርመን አገር፣ በማይንትስ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1450ዎቹ ዓመታት መጽሐፍ ቅዱስን ሲያትም ለብረቱ ሲል ፊደሉን አልቀነሰም። ይልቁንም ብረቱ የጸሐፊዎቹን እጅ እንዲመስል ደከመ። የላቲን ፊደላት ከሠላሳ የማይበልጡ ሲሆኑ፣ እርሱ ግን ትልልቁንና ትንንሹን፣ የተጣመረውንና ምህጻረ ቃሉን ሁሉ ጨምሮ ከ200 በላይ ልዩ ልዩ ቅርጾችን ቀርጾ አስወጣ። ይህን አኃዝ አንባቢ በልቡ እንዲይዘው አደራ እላለሁ። በኋላ ዘመን የእኛ ፊደል በብዛቱ ምክንያት ለማተሚያ አይመችም ሲባል በተደጋጋሚ ሰምተናልና።

በግዕዝ ፊደል መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም ከተማ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ካህን፣ በሮም ይኖሩ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ዘንድ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። የፊደሉን መልክ በትጋት ቀረጸ፤ ቋንቋውን ግን «ከለዳዊ» ብሎ ሰየመው። መልኩን ዐውቆ የባለቤቱን ስም ሳተ።

ከ35 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549፣ በዚያው በሮም አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ኅትመቱ ስሕተት አንባቢን ይቅርታ የጠየቁበት አንድ ማሳሰቢያ ይገኛል። የማሳሰቢያው ፍሬ ነገር የማተሚያው ሠራተኞች ፊደሉን ማንበብ እንደማይችሉ፣ መነኮሳቱም በበኩላቸው የኅትመትን ሥራ እንደማያውቁ፣ ስለዚህም ሥራው የሁለት ዕውሮች መረዳዳት እንደ ነበረ የሚገልጽ ነው። በእኔ አስተያየት የኅትመት ታሪካችንን ከዚህ ማሳሰቢያ የተሻለ የሚያጠቃልል ሐሳብ አይገኝም። መሣሪያውን የሚሠራው ፊደሉን አያውቅም፤ ፊደሉን የሚያውቀው መሣሪያውን አይሠራም። ከዚያ ወዲህ በመጣ እያንዳንዱ የኅትመት ዘዴ ውስጥ ይህ ክፍተት መልኩን እየለወጠ ሲመላለስ እናገኘዋለን።

ማተሚያ ወደ አገራችን ምድር የገባው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 የላዛሪስት ሚሲዮናውያን በምጽዋ ማተሚያ አቋቋሙ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ስሙን ዳግማዊ ምኒልክ ያወጡለት «አእምሮ» ጋዜጣ ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ ይሠራጭ ነበር፤ በአንድ ወረቀት ላይ የቁም ጸሐፊው ዘመንና የጋዜጣው ዘመን ተገናኙ ማለት ነው። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. ለኅትመት የበቃው በሮም ነው። በ1914 ዓ.ም. የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሲቋቋም፣ በ1917 ዓ.ም.ም በዚያው ስም የሚጠራው ጋዜጣ ሲወጣ፣ ደራሲው አንባቢውን በየሳምንቱ የሚያገኝበት አደባባይ ተከፈተ። ጋዜጣው አጭር ዓረፍተ ነገርን፣ ክርክርን፣ ለማያውቁት ሰው መጻፍን አስተማረ። የዛሬው ዝርው ጽሑፋችን ከእርሳስ ፊደል የተማረው ብዙ ነው።

እርሳስ ፊደሉ ግን የራሱን ዋጋ አስከፍሏል። የአማርኛ ፊደል ለቃሚ ከፊቱ የሚዘረጋው ሣጥን 33ቱን ፊደላት በየሰባት ቤታቸው፣ ማለትም 231 ቅርጾችን፣ በዚያም ላይ ዲቃሎቹን፣ አኃዞቹንና ሥርዓተ ነጥቦቹን የያዘ ነበር። ሠራተኛው እያንዳንዱን ቅንጣት በእጁ ለቅሞ መስመር ይሠራል፤ መስመሩን ያስራል፤ ከታተመ በኋላም መልሶ በየቦታው ይበትናል። ለላቲን ፊደል ይህን ድካም ያቃለለው፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ሥራ ላይ የዋለው ላይኖታይፕ፣ የቁልፎቹ ብዛት 90 ነበር። ዘጠና ቁልፍ ለላቲን ይበቃል፤ ለእኛ ከግማሽ በታች ነው።

የጽሕፈት መኪናም ይህንኑ ችግር ይዞ መጣ። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ያደረጉት ጥረት ከዚህ ታሪክ ውስጥ በክብር ሊጠቀስ የሚገባው ነው፤ ከአባ ተስፋ ጽዮን ዘመን ጀምሮ የነበረውን ክፍተት ለመድፈን የተነሣ፣ ፊደሉንም መሣሪያውንም የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ነበሩና። ይሁን እንጂ የመኪናው ቁልፎች ከመቶ በታች ምልክት ብቻ የሚሸከሙ ስለ ነበሩ ፊደሉ መከፋፈል ነበረበት። ገላው በአንድ ምት፣ ቅጥሉ በሌላ ምት ይመታል። እግሩ ከገላው ርቆ የቆመ፣ ቀለበቱ ከአንገቱ የተንጠለጠለ ፊደል በመሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ ላይ ለብዙ ዓመታት ያየነው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1940ዎቹ ዓ.ም. ፊደልን ስለ ማሻሻል የተነሣው ክርክር በዚህ አስገዳጅ ሁኔታ ውስጥ የተወለደ ነው። የአሻሻዮቹ ዓላማ ቀና ነበር፤ መጽሐፍ እንዲረክስ፣ ንባብ እንዲስፋፋ፣ መኪና እንዲቀል ይፈልጉ ነበር። ሆኖም በክርክሩ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ተደበላልቀዋል። አንደኛው፣ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ስላላቸው ይቀነሱ ወይስ ይጠበቁ የሚለው ነው። ይህ የቋንቋና የታሪክ ጥያቄ ነው፤ በሁለቱም ወገን በቂ ምክንያት ይቀርብበታል። ሁለተኛው፣ ሰባቱ ቤቶች ለመኪና እንዲመቹ ቅርጻቸው ይለወጥ የሚለው ነው። ይህኛው ጫማው ጠበበ ተብሎ እግር የመቁረጥ ሐሳብ ነበር። ጉተንበርግ ለሠላሳ ፊደል ከ200 በላይ ቅርጽ ከቀረጸ፣ ለ231 ቅርጽ የሚበቃ መሣሪያ መጠየቅ ቅንጦት አልነበረም። ፊደሉ አልተለወጠም፤ ጥቂት አሥርት ዓመታት ቆይቶ ቁልፍ የማይቈጥር መሣሪያ መጣ። የዚያን ጊዜ ተቈርጦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ያለ ምክንያት የተቈረጠ ሆኖ ይቀር ነበር።

ከዚህ በመነሣት በኅትመት የጠፋ ሁሉ ይለቀስለት ማለቴ አይደለም። በሁለት ነጥብ ፋንታ ባዶ ቦታ መግባቱ ወረቀቱን ለዓይን አቅልሎታል፤ የተጐዳ ንባብም የለም። ስቴንስልና ማባዣ መኪናም መልካቸው ጐስቋላ ቢሆንም አገልግሎታቸው ትልቅ ነበር። በ1960ዎቹ ዓ.ም. የተማሪዎች ወረቀት በቀለም በጨቀየ ስቴንስል እየተባዛ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ገጹን አይቶ የናቀው አልነበረም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ቢሆን፣ በሂደቱ 15 የአገሪቱን ቋንቋዎች በዚሁ ፊደል ለማስተማር የቻለው የታተመ መማሪያ በብዛት ማቅረብ በመቻሉ ነው። ፊደሉ ለአማርኛ ብቻ የተሠራ ጠባብ ልብስ አለመሆኑንም ይኸው ሥራ አሳይቷል። መለኪያው እንግዲህ ግልጽ ነው፤ ኅትመት የሚመዘነው በውበቱ ብቻ ሳይሆን ንባብን ለስንት ሰው አደረሰ፣ ሲያደርስስ ምን አጐደለ በሚለው ነው።

ያጐደለውን ወይም አሟልቶ የማያውቀውን ለማየት ወደ ግጥምና ወደ ቲያትር እንምጣ። ፊደላችን የማይጽፈው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እርሱም ማጥበቅና ማላላት ነው። «ዋና» ሲላላ ወንዝ መሻገሪያ ነው፤ ሲጠብቅ የነገር አውራ ነው። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ነው፤ ሲጠብቅ በዓል ነው። ባለቅኔው ይህን ዝምታ ወደ ሀብት ለውጦታል። «ወንዝ ዳር ያደገ ልጅ ዋናውን አይረሳም» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ሰሙን በላላው፣ ወርቁን በጠበቀው «ዋና» ላይ አስቀምጧል። በጽሑፍ ላይ ሁለቱም አብረው ይኖራሉ፤ ድምፅ ግን አንዱን እንድንመርጥ ያስገድደናል። በእንዲህ ያለ ስንኝ ላይ የማጥበቂያ ምልክት ማኖር ወርቁን ከነሰሙ ማፍሰስ ነው።

በቲያትር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቃለ ተውኔቱ «ነገ ይመታል» ቢል፣ ላልቶ ሲነበብ ባለታሪኩ መቺ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ተመቺ ነው። አንባቢ ተጠራጥሮ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ተመልካች ግን መመለሻ የለውም። በልምምድ ላይ ተዋናዩ አንዲት ቃል አላልቶ በማንበቡ ብቻ በዳይና ተበዳይ ቦታ ሲለዋወጡ ያላየ አዘጋጅ ያለ አይመስለኝም። የታተሙ ተውኔቶቻችንን ስናገላብጥ ግን ለዚህ የሚሆን አንድም ምልክት አናገኝም። ድሮ ለድጓው መምህር ከመስመር በላይ ምልክት ያኖር የነበረ ባህል፣ ዛሬ ለተዋናዩ አንዲት ነጥብ ነፍጎታል። እርሳስ ፊደል ከመስመር በላይ ተጨማሪ ምልክት መሸከም ይከብደው ስለ ነበር በዚያ ዘመን ምክንያት ነበረን። አሁንስ?

አሁን ምክንያቱ የለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የማጥበቂያ ምልክት ተጨመረበት። 231ዱም ቅርጾች ከነዲቃሎቻቸው በእጅ ስልክ ላይ ሳይቀር ይጻፋሉ፤ ገላና ቅጥል አይለያዩም፤ ቀይ ቀለምም ሆነ ሐረግ የሚከለክለው የለም። ብራናው ለፊደሉ ይታዘዝ የነበረውን ያህል የሚታዘዝ፣ ማተሚያው ለብዙኃን ያደርስ የነበረውን ያህል የሚያደርስ መሣሪያ ተገኝቷል። ይሁንና የምናየው ገጽ የዚህን ነፃነት ያህል አላማረም። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አንዱ ቃል በሦስት ዓይነት ፊደል ይጻፋል፤ ግጥም የመስመሩ ልክ ተሰብሮ ይታተማል፤ አራሚ የሚባለው ሙያ እንደ ትርፍ ወጪ ይታያል። የድሮ ስሕተታችን ከመሣሪያው ጠባብነት የመጣ ነበር፤ ያሁኑ ከቸልተኝነት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ይገቡናል። አንደኛ፣ አሳታሚዎች የተውኔት መጻሕፍትንና የመማሪያ መጻሕፍትን ሲያዘጋጁ ቃሉ የሚያሳስት በሆነበት ቦታ ሁሉ የማጥበቂያውን ምልክት ይጠቀሙ፤ ግጥምን ግን ባለቅኔው ካልፈቀደ አይንኩ። ሁለተኛ፣ የፊደል ቅርጽ ነደፋ ራሱን የቻለ የሥነ ጥበብ ዘርፍ ሆኖ ይሰጥ፤ የቁም ጽሕፈቱን እጅ የሚያውቅ ሠዓሊና የኮምፒዩተሩን አሠራር የሚያውቅ ባለሙያ በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ። ሦስተኛ፣ መምህራን ፊደልን ሲያስተምሩ ድምፁን አብረው ያስተምሩ፤ ልጁ ጮኾ ያንብብ፣ ያጥብቅ፣ ያላላ። ከፊደሉ የጐደለውን እስከ ዛሬ ሲሞላ የኖረው የሰው አንደበት ነውና።

የሮሙ ማሳሰቢያ ከተጻፈ ከ450 ዓመታት በላይ ሆኖታል። ዛሬ ማንበብ የሚያውቀውና ማተም የሚያውቀው በአንድ ሰው ውስጥ ሊገናኙ የሚችሉበት ጊዜ ነው። ከእንግዲህ በገጻችን ላይ ለሚታየው ጕድለት ይቅርታ የምንጠይቅበት መሣሪያ የለንም፤ ኀላፊነቱ የጸሐፊው፣ የአራሚውና የአሳታሚው ነው።