«እኔን!»

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ስማር «ዤ ቴም» ማለት እወድሃለሁ ማለት እንደ ሆነ ባወቅሁ ጊዜ፥ እናቴ ይህን ቃል አንድ ቀን እንኳ ነግራኝ እንደማታውቅ አሰብሁና «ለምን አትወጂኝም?» ብዬ ጠየቅኋት። ደንግጣ ዝም አለች። ቋንቋችን ደኻ፥ እርሷም ደረቅ መሰለችኝ።

ወጣቶች ሆይ፥ እንቅፋት ሲመታኝ «እኔን!» የምትለው ይህችው እናት ነበረች። ጉዳቱ ከአንተ ላይ ተነሥቶ እኔን ያግኘኝ ማለቷ ነው። አልበላም ስል «በሞቴ» ብላ ታጐርሰኝ ነበር። ፈረንሳዊው ግን ሚስቱንም ቡናውንም የሚወደው በአንድ ግሥ ነው፤ እንዲያውም «ዤ ቴም» ብሎ «ቢየን» የሚለውን፥ ማጠንከሪያ የሚመስለውን ቃል ቢጨምርበት፥ ፍቅሩ ወደ ተራ ወዳጅነት ዝቅ ይላል። (ይህን ሳላውቅ ጽፌ አስተማሪዬን አስቄአለሁ።)

ዛሬ ወደ አማርኛ በተመለሱት የቱርክ ድራማዎች ላይ የምነቅፈው አንድ ነገር አለ። እናት ልጇን «አፈቅርሃለሁ» ስትል ሰማሁ። «አፍቀረ» በግዕዝ ለፍቅር ሁሉ ያገለግላል፤ በአማርኛ ግን «አፈቀረ» ሲባል ሰሚው የሚያስበው ወንድና ሴትን ነው። የሚያሳዝነው፥ ቱርኮች ራሳቸው «ኩርባን ኦላዪም»፥ መሥዋዕት ልሁንልህ፥ የሚሉ ሰዎች ናቸው፤ ይህም ከእኛ «ልሙትልህ» ጋር ወንድማማች ነው። ተርጓሚው በእናቱ ቤት የሰማውን ቢጽፍ በበቃው ነበር።

እናቴ ካረፈች ብዙ ዘመን ሆነ። ስለዚያ ጥያቄዬ ይቅር በዪኝ ሳልላት ቀረሁ።