የፋብሪካ ስሞች በዕለት ንግግር ውስጥ

ከፋብሪካ ምልክት ተወስደው ወደ አማርኛ ስለ ገቡት ቃላት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚሰማው ነቀፌታ፣ ነጋዴ በማስታወቂያ ብዛት የሕዝቡን አፍ ገዝቶታል የሚል ነው። ነቀፌታው ፈጽሞ መሠረት የለውም አይባልም፤ ነገር ግን ቃሉ ከሱቅ ወጥቶ ቤት ከገባ በኋላ የሚደርስበትን ሳይመረምር ስለሚፈርድ፣ የነገሩን ግማሽ ብቻ ያያል።

«ሃይላንድ» የሚለው ስም ለዚህ ምስክር ነው። ስሙ በመጀመሪያ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ የአንድ ውኃ ምልክት ነበረ፤ ቀጥሎ የማናቸውም የታሸገ ውኃ መጠሪያ ሆነ፤ በመጨረሻም ውኃውን ትቶ ወደ ዕቃው ተሻገረ። ዛሬ «ባዶ ሃይላንድ» ሲባል የሚታሰበው ጠርሙሱ ብቻ ነው። ቆራሌው ይሰበስበዋል፤ ዘይቱም፣ አረቄውም፣ ነጭ ጋዙም ይሰፈርበታል። በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ስም ሌላ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም። ይህን ሁሉ ጉዞ ያዘዘ ማስታወቂያ የለም፤ ያዘዘው ባዶ ዕቃ የማይጥል ቤተ ሰብ ነው።

«ባጃጅ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ስሙ የሕንድ ቤተ ሰብ ስም ሲሆን፣ ከዚሁ ቤት የታወቀው ጃምናላል ባጃጅ (1889–1942 እ.ኤ.አ.) የማኅተመ ጋንዲ ተከታይ የነበረ ነጋዴ ነው። በባሕር ዳርና በሐዋሳ መንገድ ግን ባለ ሦስት እግሩ ተሽከርካሪ፣ ሌላ ፋብሪካ የሠራው እንኳ ቢሆን፣ ባጃጅ ነው፤ «ባጃጆች»፣ «ባለ ባጃጅ» እየተባለም እንደ አገር ልጅ ይረባል።

ነቃፊዎቹ እውነት የሚያገኙት በ«ኦሞ» ነው። የልብስ ሳሙና ዱቄት ሁሉ በዚህ ስም ስለሚጠራ፣ ሌላው አምራች ዕቃውን በተወዳዳሪው ስም ለመሸጥ ይገደዳል። ቢሆንም ገዢ «ኦሞ ስጠኝ» ሲል ባለ ሱቁ «የቱን ኦሞ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በዚህች አጭር ጥያቄ ውስጥ የፋብሪካው ስም የወል ስም መሆኑ ታውቋል። በብዙ አገሮች ሕግ ምልክቱ እንዲህ የወል ስም የሆነበት ባለ ንብረት ጥበቃውን እስከ ማጣት ሊደርስ ይችላል። የሕዝቡን አፍ ገዛ የተባለው ነጋዴ የሚፈራው አንዱ ነገር፣ እንግዲህ፣ ይኸው የሕዝብ አፍ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ግን «ሞዴስ» ነው። ይህ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ገበያ ላይ የዋለ የአንድ ምርት ምልክት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የማናቸውም የወር አበባ መጠበቂያ ስም ሆኖ ቀርቷል። የቀረበትም ምክንያት ከማስታወቂያ ኃይል ይልቅ ከነውር ሥርዓት ጋር የተያያዘ ይመስላል። በአደባባይ ሊጠራ የማይወደድ ነገር፣ ትርጉሙ ለአማርኛ ጆሮ ባዶ የሆነ የባዕድ ስም ሲያገኝ፣ ስሙ እንደ ነጠላ ይሸፍነዋል፤ ልጅቱም ከወንድ ባለ ሱቅ ፊት ቆማ ሳትሸማቀቅ ልትጠይቅ ትችላለች። «የንጽሕና መጠበቂያ» የሚለው የጽሕፈት ቤት አነጋገር ለደብዳቤ ይመች እንደ ሆነ እንጂ ለዚህ አገልግሎት አይበቃም፤ ርዝመቱ ብቻ ሰውን ዞር ብሎ ያሳያል። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «ሞዴስ»ን የባዕድ ምልክት ነው ብለው ቢተዉት፣ ከመዝገባቸው የሚጎድለው የአንድ ፋብሪካ ስም ሳይሆን እናት ለልጇ በዝግታ የምትነግራት ቃል ነው።