ግሱ እስኪደርስ

ደባርቅ ላይ ቴአትር ከሚለማመዱ ወጣቶች አፍ አንድ ጥያቄ አይጠፋም፤ «ሐሳባችን ፊልም ነው፤ ማይክራፎን እያለ ድምፅ ማሠልጠን ለምን?» ካሜራ ሹክሹክታ እንደሚሰማ፣ የዓይን ጥቅሻ እንደማያመልጠው እውነት ነው። ይህ ጸሐፊ ግን በዚህ ነገር አይደራደርም፤ ተዋናይ የሚሠራው ከድምፁ ነው።

ምስክሩ ወጋየሁ ንጋቱ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ መብራትም አልባሳትም አልነበረውም። ሆኖም ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡም ሆነ ጉዱ ካሣ ሲሟገት፣ አድማጩ ስም ሳይጠራለት ተናጋሪውን ይለያል።

ዳባት ላደገው ለዚህ ጸሐፊ ቴአትር ማለት መጀመሪያ የጎረቤት ሬዲዮ ነበር። መድረክ ያየው ዘግይቶ፣ ጎንደር ሲወርድ ነው። ጥጥ የሚፈትሉት ሴቶች ወጋየሁ ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲቃረብ እንዝርታቸውን ያቆሙ ነበር።

የሚጠብቁት ግሱን ነው። አማርኛ ዋናውን ነገር እመጨረሻ ያስቀምጣል፤ ጀማሪ ተዋናይ ደግሞ ትንፋሹን መጀመሪያ ላይ ጨርሶ ግሱን ይውጠዋል። «ወንድሜን፣ በገዛ ደጁ፣ በዚህ በቀኝ እጄ...» ይልና ድምፁ ይወርዳል። ገደለው? አቀፈው? ተመልካቹ ያንን ሁሉ ተከትሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። ማይክራፎንም የተዋጠ ግስ አይተፋም፤ መዋጡን ያጎላል እንጂ።

የሰሜን እረኛ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ከገደል ማዶ ያለውን ጓደኛውን ሲጣራ የቃሉን መጨረሻ አይጥልም፤ ያስረዝመዋል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ትንፋሽ ቆጥቦ ለመጨረሻው ማስተረፍ እዚህ ግድ ነው። ከዚህ የተሻለ የልምምድ ቦታ ከየት ይመጣል?

ስክሪን ላይ የደመቁትም መነሻቸው መድረክ ነው። ደበበ እሸቱ በ1973 እ.ኤ.አ. «ሻፍት በአፍሪካ» ላይ ዋሳን ሆኖ ሲጫወት ቡዳፔስት ተምሮ፣ አዲስ አበባ መድረክ ላይ ታሽቶ ነበር። እንግሊዛዊው ሎረንስ ኦሊቪዬ «ሐምሌት» በተባለው ፊልሙ ኦስካር ካገኘ ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. ኦቴሎን ለመጫወት ድምፁን እንደ አዲስ አሠልጥኖ አወፍሮታል። በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የተሸለመው የ«ጤዛ» አዘጋጅ ኃይሌ ገሪማ እንኳ፣ ያ የካሜራ ሰው፣ ጎንደር ውስጥ ያደገው በቴአትር ጸሐፊው አባቱ በገሪማ ታፈረ ቡድን ውስጥ ነው።

ዳግማዊ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. የነገሡት እዚሁ ሰሜን፣ ደረስጌ ማርያም ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቴአትር ጽፎላቸዋል። የደባርቅ ልጆች እሱን አንስተው ይሥሩት፤ ያለ ማይክራፎን። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት አዛውንት ግሱን ሲሰሙ፣ ያን ጊዜ ካሜራው ይምጣ።