የኮምፕተን መኬንዚ ድርሰትና የመድረክ ውርስ

ከተዋንያን ቤተ ሰብ የተወለደ ደራሲ በድርሰቱም ሆነ በኑሮው የሚያሳየን እውነተኛ ፊቱን ነው ወይስ ጭምብሉን? ይህን ጥያቄ በስኮትላንዳዊው ደራሲ በኮምፕተን መኬንዚ ሥራ ልንመረምር እንወዳለን።

መኬንዚ በ1883 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) በእንግሊዝ አገር በዌስት ሃርትልፑል ተወለደ። አባቱ ኤድዋርድ ኮምፕተን የቴአትር ማኅበር መሪ፥ እናቱ ቨርጂኒያ ቤትማን አሜሪካዊት ተዋናይት ነበሩ፤ እኅቱም ፌይ ኮምፕተን በመድረክ ስመ ጥር ሆናለች። የቤተ ሰቡ የትውልድ ስም መኬንዚ ሲሆን፥ «ኮምፕተን» የሚለው አያቱ ለመድረክ የያዘው ስም ነው።

በኦክስፎርድ ታሪክ ከተማረ በኋላ፥ በ1912 የአንዲት ዳንሰኛን ሕይወት የሚተርከውን «ካርኒቫል»፥ በ1913ና በ1914 ደግሞ የወጣቱን የማይክል ፌንን አስተዳደግ የሚያሳየውን «ሲኒስተር ስትሪት» በሁለት ቅጽ አወጣ። ይህን ሁለተኛውን ሄንሪ ጄምስ አመስግኖታል። እኛ ግን አንድ ጉድለት ይታየናል፤ ይኸውም ደራሲው ስለ ማይክል ነፍስ በራሱ ቃል ሲያብራራ ድርሰቱ ይንዛዛል፤ ሰዎቹ መነጋገር ሲጀምሩ ግን ወዲያው ነፍስ ይዘራል።

ይህ ስጦታው ጎልቶ የታየው በ1947 ባሳተመው «ዊስኪ ጋሎር» ነው። የታሪኩ መነሻ፥ በ1941 ዊስኪ የጫነችው «ፖለቲሺያን» የተባለች መርከብ በኤሪስኬይ ደሴት አጠገብ ከዐለት ተጋጭታ መቅረቷ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ዋና ሰው አንድ ብቻ አይደለም፤ የደሴቱ ሕዝብ በሙሉ እንደ አንድ የቴአትር ማኅበር በየተራው ይናገራል። ሹመቱን እጅግ አክብዶ የሚይዘው እንግሊዛዊው ዋጌት የሚያስቀው ደራሲው ስለ ሰደበው ሳይሆን፥ ራሱ በአፉ ስለሚጋለጥ ነው። አንዳንዶቹ ሰዎች ከቀልድ ዐልፈው የማይጠልቁ መሆናቸውን አንክድም። ቢሆንም ሰውን በንግግሩ ለይቶ ማሳወቅ ከመድረክ የተገኘ ውርስ እንጂ ነውር አይደለም።

ስኮትላንዳዊነቱስ ጭምብል ነበርን? በእንግሊዝ ተወልዶ ስኮትላንድን አገሬ ያለ ሰው ስለ ሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በ1928 የስኮትላንድን ብሔርተኛ ፓርቲ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ፤ በ1931 የግላስጎው ዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ሬክተር አድርገው መረጡት፤ በባራ ደሴትም ቤት ሠርቶ ተቀመጠ። በ1972 በኤዲንበርግ ሲሞት የተቀበረው በዚያችው ደሴት ነው። ተዋናይ ጨዋታው ሲያበቃ ልብሱን ያወልቃል፤ መኬንዚ ግን የመረጠውን እስከ መቃብር አላወለቀም። ስለዚህ የመረጡት አገር ከተወለዱበት ያነሰ እውነት ነው የሚለውን ፍርድ እኛ አንቀበልም።