ነጭ ስለሆነ ብሩህ አይደለም፦ በሁለት የአምፖል ሳጥኖች ላይ የቀረበ ሂስ

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ባዶ ሳጥኖች አሉ። ሁለቱም የመኪና የፊት መብራት አምፖል የመጣባቸው ናቸው። የሰጠኝ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚኒባስ ሰው የሚያመላልስ ዘመዴ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቱንም ዓይነት ገዝቶ ሞከረ፤ አሁንም «ማታ መንገዱ አይታየኝም» ይላል። ባለፈው ክረምት ከአህያው ጋር ዳር ይዞ የሚሄድ ሰው ያየው ሊደርስበት ጥቂት ሜትር ሲቀረው ነበር። ሰውየውም አህያውም ተርፈዋል። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ከመሸ በአምባሰል በኩል መንዳት ይፈራል።

ስለ መጽሐፍ ሂስ ይጻፋል፣ ስለ ፊልም ይጻፋል፤ ስለ ሳጥን ማን ይጽፋል? ግን አስቡት፤ ዘመዴ ብሩን ያወጣው በእነዚህ ሳጥኖች ላይ የተጻፈውን አምኖ ነው። ሰው አምኖት ማታ የሚነዳበት ጽሑፍ ከሆነ መተቸት አለበት።

የመጀመሪያው የሃሎጅን አምፖል ሳጥን ነው፤ ኤች4 የሚባለው፣ ረጅሙንና አጭሩን መብራት በአንድ አምፖል የያዘው። ፊቱ ላይ በትልቁ «6,000 ኬልቪን» ይላል። ኬልቪን ምንድን ነው? የሙቀት መለኪያ። ቀጥቃጭ ብረት ሲያግል አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል፤ ብረቱ መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ቢጫ ይሆናል፣ ግለቱ ሲጨምር ወደ ነጭ ይሄዳል። ስለዚህ የብርሃንን ቀለም በሙቀት ቁጥር መጥራት ይቻላል። የሻማ ነበልባል 1,900 ኬልቪን አካባቢ ነው፣ ተራ ሃሎጅን 3,200 አካባቢ፣ የፀሐይ ገጽ ደግሞ 5,770 ገደማ።

አሁን ሳጥኑን መልሳችሁ አንብቡ። 6,000! ከፀሐይ ገጽ የበለጠ የጋለ ክር ሚኒባስ ውስጥ ተገጥሟል ማለት ነው? የሃሎጅን ክር የሚሠራው ከተንግስተን ነው፤ ተንግስተን ደግሞ 3,695 ኬልቪን ላይ ይቀልጣል። ከብረቶች ሁሉ ለመቅለጥ የሚያስቸግረው እሱ ነውና ከዚያ በላይ የሚችል ሌላ ብረት የለም። ታዲያ ያ ነጭ-ሰማያዊ ብርሃን ከየት መጣ? ከቅብ። መስታወቱ ሰማያዊ ተቀብቷል፤ ቅቡ ከክሩ ከሚወጣው ቢጫና ቀይ ብርሃን ከፊሉን ይውጥና ሰማያዊውን ያሳልፋል። ምንም የተጨመረ ነገር የለም፣ ተቀንሶ ነው። የተቀነሰውን ለማካካስ ክሩን የበለጠ የሚያግሉ አምራቾች አሉ፤ ያኔ ደግሞ አምፖሉ ቶሎ ይቃጠላል።

የአምባሰል ልጆች ከሆናችሁ በሙዚቃ ላስረዳችሁ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ቅኝቶች ናቸው። ክራሩን ከባቲ ወደ አምባሰል ብትቃኙት ዜማው ሌላ ይሆናል እንጂ ድምፁ አይጎላም። ድምፁን የሚያጎላው የጣታችሁ ጉልበት ነው። ኬልቪን ቅኝቱ ነው፤ የብርሃኑ ጉልበት የሚለካው በሉመን ነው። ሳጥኑ ግን ቅኝቱን በትልቁ ጽፎ እንደ ጉልበት ያስነብባችኋል።

ጎኑ ላይ ደግሞ «60/55 ዋት = 130/120 ዋት» የሚል አለ። በእኩል ምልክት! ለነገሩ ውጫሌ ሁለት ፊት ያለው ጽሑፍ ያውቃል፤ በ1881 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው አንድ ነገር፣ በጣሊያንኛው ሌላ ነገር ይል ነበር። እዚህም የግራው ቁጥር እውነቱ ነው፤ አምፖሉ ከባትሪው የሚበላው 60 እና 55 ዋት ነው። የቀኙ «ይመስላል» ለማለት ነው። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ መሠረት ባለ12 ቮልት ኤች4 የሚሰጠው በረጅሙ 1,650፣ በአጭሩ 1,000 ሉመን ነው፤ ከዚያ በ15 በመቶ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። ደንቡን ያከበረ አምፖል፣ ሰማያዊም ሆነ ተራ፣ ከዚህ ድንበር አይወጣም።

ዘመዴ ግን ሞኝ አይደለም። ሱቅ ውስጥ አምፖሉን በባትሪ አብርተው ሲያሳዩት ሰማያዊው በእርግጥ ዓይኑን ወግቶታል። የተሳሳተው ፈተናው ነው፤ አምፖል የምንገዛው ራሱን አምፖሉን ለማየት አይደለማ! አምፖሉን ፊት ለፊት የሚያየው ከወዲያ የሚመጣው ሾፌር ነው። ሐቁን ለመናገር፣ በጨለማ ዳር ዳሩን የምናይባቸው የዓይን ህዋሳት ለሰማያዊ-አረንጓዴ ብርሃን ይበልጥ ይነቃሉ፤ ስለዚህ ነጣ ያለ ብርሃን በመንገድ ዳር ያለውን ለማስተዋል ትንሽ ሊያግዝ ይችላል። ያው ሰማያዊነት ግን የተቃራኒውን ሾፌር ዓይን የበለጠ ያውካል። ለቀለሙ ተብሎ ሉመን መስጠት በእኔ ሚዛን አያዋጣም።

ወደ ሁለተኛው ሳጥን እንለፍ፤ ኤልኢዲ ነው። «ጥንዱ 40 ዋት፣ 20,000 ሉመን» ይላል። እዚህ ጋ ስልካችሁን አውጡና አካፍሉ፦ በአንድ ዋት 500 ሉመን። ተፈጥሮ ራሷ ጣሪያ አላት፤ አንድ ዋት ብርሃን ከ683 ሉመን በላይ ሊሆን አይችልም። እሱም ቢሆን ዓይናችን በቀን ይበልጥ ለሚያየው ለአንድ አረንጓዴ ብርሃን ብቻ ነው። ነጭ ብርሃን የብዙ ቀለማት ድብልቅ ስለሆነ ከዚያ በጣም ዝቅ ይላል። ጥሩ የመኪና ኤልኢዲ በዋት 100 ሉመን ወይም ትንሽ ቢያልፍ ነው። ስለዚህ የሳጥኑ ቁጥር አራት አምስት እጥፍ ተነፍቷል።

አሁን ግን የሚገርመው ነገር መጣ። የተነፋውን ብታስተነፍሱት እንኳ ለእያንዳንዱ አምፖል 2,000 ሉመን ይቀራል፤ ያ ከሃሎጅኑ አጭር መብራት እጥፍ ነው። ታዲያ ዘመዴ ለምን አልታየውም?

ምክንያቱም ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ ሳጥኑ አይናገርም። ኤች4ን ቀረብ ብላችሁ ብታዩት፣ ከአጭሩ መብራት ክር ሥር ትንሽ የብረት ጋሻ አለች። ብርሃኑ ወደ ታች እንዳይሄድ ታግደዋለች፤ ባታግደው አንጸባራቂው ሳህን መልሶ ወደ ላይ፣ ወደ ሰው ዓይን ይወረውረው ነበር። የሳህኑ ቅርፅ የተሰላው ያ ቀጭን ክር ያለበትን ቦታ ታሳቢ አድርጎ ነው፤ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ሲዛነፍ ሥዕሉ ይበላሻል። የኤልኢዲው ብርሃን የሚወጣው ግን ከጠፍጣፋ ሰሌዳ ግራና ቀኝ ነው፤ በርካሾቹ ላይ ቦታው ከክሩ ቦታ ጋር አይገጥምም። ከፋብሪካ ኤልኢዲ ይዞ የመጣ መኪና ሌላ ነው፤ ሳህኑም ለእሱ ነው የተሠራው። በዘመዴ ሚኒባስ የሆነው ግን ይሄ ነው፦ አፍንጫው ሥር ያለው አስፋልት ቀን መሰለ፣ ከፊሉ ብርሃን ወደ ሰማይ ሄደ፣ ሰውየውና አህያው ያሉበት 50 ሜትር ጨለመ። ዓይን ደግሞ ለቅርቡ ብርሃን ስለሚጠብ ሩቁ ከበፊቱም የባሰ ጠፋ።

ዝናብ ሲመጣ ይብሳል። ደረቅ አስፋልት ሸካራ ስለሆነ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትነዋል፣ ከፊሉም ወደ ሾፌሩ ዓይን ይመለሳል። የረጠበ አስፋልት ግን ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ እንዳለው የሐይቅ ውኃ ነው፤ ብርሃኑን እንደ መስታወት ወደፊት ያንሸራትተዋል። ለእናንተ መብራታችሁ የጠፋ ይመስላል፣ ከፊት ለሚመጣው ግን እጥፍ ይሆንበታል።

ስለ ጉምም አንድ ልበል፤ «ቢጫ ጉም ይሰነጥቃል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ሰማይ ሰማያዊ የሚሆነው ከብርሃን ሞገድ እጅግ ያነሱት የአየር ሞለኪውሎች ሰማያዊውን አብልጠው ስለሚበትኑ ነው። የጉም ጠብታ ግን ከሞገዱ አሥርና ሃያ እጥፍ ይተልቃል፤ ቢጫውንም ሰማያዊውንም እኩል ይበትናል። ፈረንሳይ እስከ 1993 እ.ኤ.አ. ድረስ መኪኖቿን በሕግ ቢጫ መብራት ታስገጥም ነበር፣ በኋላ ተወችው። ጉም ውስጥ የሚረዳው ረጅሙን አጥፍቶ ብርሃኑን ዝቅ ማድረግ ነው።

እኔና ዘመዴ ያደረግነውን ልንገራችሁ፤ እናንተም ቤት ውስጥ መኪና ካለ በአንድ ምሽት ትሠሩታላችሁ። ሚኒባሱን ደልዳላ ቦታ ከግድግዳ 10 ሜትር አራቅነው። የመብራቱን ከፍታ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አመለከትን፣ 70 ሴንቲሜትር ነበር። የአጭሩ መብራት የላይኛው ጠርዝ ከምልክቱ 10 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት፤ ይህም 1 በመቶ ቁልቁለት ነው። ያን ጊዜ ብርሃኑ 70 ሜትር ይደርሳል። ጠርዙ በቀኝ በኩል ከፍ ማለትም አለበት፣ የምንነዳው በቀኝ ነዋ። መኪናችሁ ለጃፓን መንገድ ተሠርቶ መሪው ብቻ የተዛወረ ከሆነ ጠርዙ በግራ ከፍ ሊል ይችላል፤ በትክክል በተቃራኒው ሾፌር ፊት! ያን የሚያስተካክል አምፖል የለም፣ መብራቱ ራሱ ይቀየራል።

ከዚያ ከኋላ ጆንያ ጫንን። የኋላው 5 ሴንቲሜትር ወረደ። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 2.5 ሜትር ገደማ ስለሆነ መኪናው 2 በመቶ ቀና አለ ማለት ነው። 1 በመቶ ቁልቁል የነበረው ብርሃን 1 በመቶ ሽቅብ ሆነ። ዘመዴ ግድግዳውን እያየ ዝም አለ። ሁልጊዜ እንዲህ ጭኖ ነው የሚሄደው።

የመጨረሻው መልቲሜትር ነበር። የድሮውን ተራ ሃሎጅን መልሰን ገጠምንና ሞተሩ እየሠራ ለካን፤ ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት፣ አምፖሉ ጋ 11.9። በመካከል ያረጀ ሽቦና የዛገ ማያያዣ በልቶታል። የሃሎጅን ብርሃን ከቮልቱ በላይ በፍጥነት ይወድቃል፤ የአምፖሉ 1,000 ሉመን የተለካው በ13.2 ቮልት ነውና በ11.9 ሲሠራ 30 በመቶ ገደማ ይጠፋል። ማለትም ዘመዴ ሁለት ጊዜ ሊገዛው የሞከረው ብርሃን መኪናው ውስጥ ነበር።

ማያያዣዎቹን ጠርገን፣ አዲስ ሽቦ በሪሌ ዘረጋን፣ የደበዘዘውን የመብራት መስታወት አጠብንና ወለወልን፣ ጠርዙን ለጭነት በሚሆን መጠን ዝቅ አደረግን። አምፖሉ ያው 3,200 ኬልቪኑ ነው። ረዳቱ አልወደደውም፤ «ቢጫ ሆነ እኮ፣ የድሮ መኪና መሰለ» አለ። በማግስቱ ማታ ከውጫሌ ሲመለሱ ግን የመንገዱ ዳር ላይ የተኛውን ውሻ ቀድሞ ያየው ራሱ ረዳቱ ነበር።