ለካቻቢቴው እጅ

በደሴና በኮምቦልቻ አሮጌ ላፕቶፕ ከፍቶ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ የሚተካ ባለሙያ ምስጋና ይገባዋል። በብዙዎቹ አሮጌና ርካሽ ላፕቶፖች ውስጥ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ አለ፤ መረጃውን በክንዱ እያሰሰ ይዘገያል። ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ወዲያው ያቀርባል። ራሙ ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት ካደገማ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ኮዱንና ብራውዘሩን ጎን ለጎን ይከፍታል። «ፕሮሰሰሩ ያው አሮጌ ነው» ይባላል፤ እውነት ነው፣ በአንዳንዱም ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይቀየርም። ሆኖም የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያጓትተው አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ነው። ይህን ለይቶ፣ የማያስፈልገውን ሳይሸጥ ጥቃቅኖቹን ብሎኖች የሚፈታ እጅ ባይኖር፣ ማሽኑ አቧራ ለብሶ ይቀመጥ ነበር፤ ቤተሰቡም ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የናረውን የአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ይጋፈጥ ነበር።