ቃል ያበዛው ሥራ አስኪያጅ

(ይሄ ጽሑፍ የ«ሴቨራንስ»ን ሁለት ሲዝኖች እስከ መጨረሻው ይዘረግፋል። ያላያችሁ ካላችሁ አይታችሁ ተመለሱ።)

አሥር ሳምንት ሙሉ ስለ ፍየሎች ተከራከርን። ሉሞን የተባለው ኩባንያ ከመሥሪያ ቤቱ ሥር ፍየል የሚያረባው ለምንድን ነው? ማርክ ኮምፒውተሩ ላይ ሲለቅማቸው የሚውለው ቁጥሮች ምንድን ናቸው? ሄሊ በእርግጥ ሄሊ ናት ወይስ ሌላዋ? አንዱን ትዕይንት አሥር ጊዜ እያቆመ ጥግ ላይ ያለውን ዕቃ የሚመረምር ሰው ሞልቶ ነበር። የኔም የቀን ሥራ ባግ ማደን ስለሆነ ጨዋታውን አልጠላሁትም።

ግን እዚያው ውስጥ፣ በየሳምንቱ በጥቂት በጥቂት ደቂቃ እየተከፋፈለ፣ አንድ ሰው ሲዋረድ እያየን ነበር። ሚስተር ሚልቺክ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 17 እስከ ማርች 21፣ 2025 ዓርብ ዓርብ የወጣው ሁለተኛው ሲዝን ዋና ታሪኩ የሱ ነው ብዬ ነው የምከራከረው። ታሪኩ የሠራው ደግሞ በሳምንት አንዴ እየተቆነጠረ ስለመጣ ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ሉሞን ሠራተኞቹ ጭንቅላት ውስጥ ቺፕ ይቀብራል። ሊፍቱ ወደ ታች ሲወርድ የውጪው ሰው ይጠፋና ከቢሮ ውጪ ምንም የማያውቅ «ኢኒ» ይነቃል። ማታ ሊፍቱ ሲወጣ ደግሞ «አውቲው» ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ እንደዋለ ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የድራማው ፈጣሪ ዳን ኤሪክሰን ሐሳቡ የመጣለት የበር ዕቃ የሚያመርት ድርጅት ቢሮ ውስጥ ሲሠራ፣ ቀኑን ዘልሎ ማለፍ እየተመኘ እንደነበር ተናግሯል። ይሄን ምኞት ያልተመኘ ሠራተኛ ካለ እጁን ያውጣ።

ሚልቺክ ግን ቺፕ የለውም። ይሄን ልብ በሉልኝ። ማርክም፣ ሄሊም፣ ዲላንም፣ ኧርቪንግም ለሁለት የተከፈሉ ናቸው። የነሱ አለቃ የሆነው ሰውዬ ሙሉ ነው፤ ቢሮ የሰማውን ቤቱ ይዞት ይገባል፣ ቤቱ ያሰበውን ጠዋት ይዞት ይመጣል። አሥሩ ሳምንት ያሳየን እንዲህ ያለ ሰው ያለ ቀዶ ጥገና እንዴት እንደሚከፈል ነው።

በመጀመሪያው ሲዝን ሚልቺክ የሚያስፈራ ፈገግታ ነበር። ትራሜል ቲልማን ሲጫወተው ጥርሱ ይስቃል፣ ዐይኑ ይቆጥራል። ሰባተኛው ክፍል ላይ ለሠራተኞቹ ሙዚቃ ከፍቶ ሲጨፍርላቸው ኢንተርኔቱን ያጥለቀለቀው ያ ትዕይንት ትዝ ይላችኋል። ንግግሩም እንደ ጭፈራው ነው፤ ቃላቱን ይመርጣል፣ ያስተካክላል፣ ጣዕማቸውን እያጣጣመ ይለቃቸዋል። ያኔ የጸሐፊዎቹ ቀልድ ይመስል ነበር።

ሁለተኛው ሲዝን ላይ ሹመት ያገኛል። ሦስተኛው ክፍል ላይ የቦርዱ አፈ ቀላጤ ናታሊ ስጦታ ይዛለት ትመጣለች፦ ሥዕሎች። መሥራቹ ኪር ኢገን፣ የዚህ ኩባንያ አምላክ ሊባል ምንም ያልቀረው ነጭ ሽማግሌ፣ ጥቁር ተደርጎ ተሥሏል። ሚልቺክ ራሱን በኪር ውስጥ እንዲያይ ተብሎ ነው። ናታሊም ጥቁር ናት። እሷም እነዚሁ ሥዕሎች እንደተሰጧትና ልቧን እንደነኩት ትነግረዋለች፤ ጆሮዋ ላይ ያለው መስመር ቦርዱ ጋ ክፍት እንደሆነ ነው። አፏ አንድ ነገር ይላል፣ ፊቷ ሌላ። ሚልቺክ አመሰግናለሁ ይላል። ሥዕሎቹንም ወስዶ ከዕይታ ይሸሽጋቸዋል።

ትዕይንቱ አጭር ነው። ሁሉም ክፍል አንድ ላይ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ «ቀጣይ ክፍል» የሚለውን ተጭነን ወደ ፍየሎቹ እንሄድ ነበር። እንደዚያ ስላልሆነ ግን የናታሊ ፊት ሳምንት ሙሉ አብሮን ሰነበተ። ስድብ ያው እንደዚህ ነው፤ በተባለበት ደቂቃ ሳይሆን ማክሰኞ ከሰዓት ሌላ ነገር እየሠራህ ነው የሚገባህ።

በሚቀጥለው ዓርብ ሠራተኞቹ በረዶ ውስጥ ለሽርሽር ተወሰዱ። ማታ እሳት ዙሪያ ሚልቺክ የኪርን ገድል ያነባል፣ ያውም እንደ ዲያቆን፣ በሙሉ ድምፁ። ሄሊ ትስቃለች፤ ማርክም ይከተላታል። ሚልቺክ ይቆጣና ሊበላ የተዘጋጀውን ማርሽሜሎ እሳት ውስጥ ይወረውረዋል። በዚያው ክፍል መጨረሻ ሄሊ የመሰለችን ሴት ሄለና ኢገን፣ የባለቤቶቹ ልጅ፣ መሆኗ ይጋለጣል። እንግዲህ መልሳችሁ አስቡት፦ ሰውዬው በሙሉ እምነት ቅዱስ ታሪካቸውን ሲያነብላቸው የሳቀችበት የቅዱሱ ዘር ናት። ሁላችንም የተከራከርነው ሄለና እንዴት ተነቃባት በሚለው ላይ ነበር። ስለዚያ ሳቅ ያወራ ብዙም አልገጠመኝም።

ከዚያ አምስተኛው ክፍል። የሥራ አፈጻጸም ምዘና።

ሚልቺክ ከመግባቱ በፊት ስለ ሥዕሎቹ ናታሊን ሊያናግራት ይሞክራል። በብዙ ጥንቃቄ፣ ዙሪያውን እየዞረ። እሷ ለአፍታ ዝም ትልና ታመልጠዋለች። ገብቶ ሲቀመጥ ድራመንድ፣ ያ ግዙፍ ሰውዬ፣ ጥፋቶቹን ያነብለታል። የወረቀት አግራፍ አገልብጦ ይሰካል። እና ትልልቅ ቃል ያበዛል።

እዚህ ጋ ቴሌቪዥኑን አቁሜ ተነሣሁ። ከውጪ አገር ደንበኛ ጋር በርቀት የሚሠራ ሰው ለምን እንደተነሣሁ ይገባዋል። ብዙዎቻችን እንግሊዝኛን የተማርነው ከመጽሐፍ ነው። ከማንም ጋር ሳናወራበት ልቦለድ አንብበንበታል፣ ግራመር ተፈትነንበታል፣ የዩኒቨርሲቲ ሪፖርት ጽፈንበታል። ሥራ ስንጀምር የምንጽፈው መልእክት ከረባት ያሰረ ነው። የመጀመሪያ ቀጣሪዬ ምዘና ላይ የተጻፈልኝ አስተያየት «መልእክቶቹ በጣም መደበኛ ናቸው፣ ቢያጥሩ» የሚል ነበር። ክፋት የለውም። ጠቃሚ ምክርም ነው ልትሉ ትችላላችሁ። ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ለቡድኑ የምጽፈው «ኖትድ»፣ «ዳን» እና አውራ ጣት ብቻ ሆነ። የሚገርመው ማንም ምንም አለማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ምዘናዬ ጥሩ ነበር።

ሚልቺክም ምክሩን ይሰማል። ስድስተኛው ክፍል ላይ ብቻውን ሆኖ አግራፍ መሰካት ይለማመዳል፤ ከዚያ መስታወት ፊት ይቆማል። አንድ ያማረ ረጅም ዓረፍተ ነገር ይላል። እንደገና ያሳጥረዋል። እንደገና። በየዙሩ አንድ ነገር ይወድቃል፤ መጀመሪያ ጌጡ፣ ቀጥሎ ቅጽሉ፣ ቀጥሎ የሚናገረው ሰው። መጨረሻ ላይ አንዲት ቃል ትቀራለች፣ እሷን ደጋግሞ ወደ ራሱ ምስል ይተፋታል።

ፕሮግራመር ስለሆንኩ ማሳጠር እወዳለሁ። አርባ መስመር ኮድ አራት መስመር ሲሆን ደስታውን ለማያውቅ ማስረዳት ይከብዳል። ግን እዚያ ውል አለ፦ ኮዱ ካጠረ በኋላም የበፊቱን ሥራ መሥራት አለበት። ሚልቺክ መስታወቱ ፊት ያደረገው ሌላ ነው። ረጅሙ ዓረፍተ ነገር የሚሠራው ሥራ ሰውዬውን ማሳየት ነበር፤ አጭሯ ቃል ያን አትሠራም። ቲልማን ፊቱን በየዙሩ እንዴት እንደሚያከስመው ተመልከቱ። ቺፑ ያለው ማርክ ሊፍቱ ውስጥ ሲቀየር አንዴ ዐይኑ ይርገበገብና ያልቃል። የሚልቺክ ሊፍት መስታወቱ ነው፤ የሚወርደውም እያወቀ ነው።

ሰባተኛውና ስምንተኛው ክፍል ላይ ሚልቺክ ማዕከል አይደለም፤ ስለዚህ ቶሎ ልለፍ። ሰባተኛው፣ «ቺካይ ባርዶ»፣ የድራማውን ብርሃንና ጥላ ስትቀርጽ የኖረችው ጄሲካ ሊ ጋኜ ለመጀመሪያ ጊዜ በዳይሬክተርነት የሠራችው ሲሆን የሲዝኑ ውብ ክፍል ነው፤ በዚህ ላይ የሚከራከረኝ አላገኘሁም። ስምንተኛው ግን ብዙ ተሰደበ። 37 ደቂቃ፣ አንዲት ሴት፣ ብርድ፣ ባሕር። ማርክ የለ፣ ሄሊ የለች። «ፊለር ነው» አሉ። እኔ አልስማማም። ኮቤል ወደ ትውልድ መንደሯ ተመልሳ የምታወጣው ደብተር የሚያረጋግጠው ሴቨራንስን የፈለሰፈችው ራሷ እንደሆነች ነው፤ ክብሩን የወሰዱት ኢገኖች ናቸው። የሥራ ውላችሁን አንብባችሁት ከሆነ በሥራ ሰዓት የፈጠራችሁት ሁሉ የቀጣሪው ነው የሚል አንቀጽ አትጡም። አንዷን ሥራዋን ወሰዱባት፣ አንዱን ንግግሩን። ሁለቱም በየተራ እዚያችው ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ይሄ ፊለር ከሆነ ሲዝኑ በሙሉ ፊለር ነው። (ዝግታው ከልክ ያለፈባቸው ቦታዎች አሉት፤ እሱን አልክድም።)

እና ማርች 14 መጣ። ዘጠነኛው ክፍል። ማርክ ሥራ ቀርቷል፣ ድራመንድ ጥፋቱን ሚልቺክ ላይ ይደፈድፋል፣ ይቅርታ እንዲጠይቅ ያዘዋል፣ ያውም ባጭር ባጭር ቃል። እስኪ ምን ይላል ብለን ስንጠብቅ ሚልቺክ ቀና ብሎ ሁለት ቃል ይናገራል፦ «ዲቫወር ፌኪዩለንስ»።

ወደ አማርኛ ልመልሰው ስሞክር ቅዳሜን ፈጀሁበት። ተራው ትርጉም ሁላችሁም የምታውቁት፣ ሰፈር ውስጥ ልጆች ሲጣሉ የሚባባሉት ነው። ግን እሱ እንደሱ አላለም። ስድቡን ከመዝገበ ቃላት ነው ያወጣው። «ዓይነ ምድር ይመገቡ» ነው ያለው። እና አያችሁ፣ እኛ ጋ «ይመገቡ» የምትለዋ አንቱታ እንግሊዝኛው የሌለውን ነገር ትጨምርለታለች። «አንተ» ብትለው ድብድብ ይሆናል፤ «እርስዎ» ስትለው ወንበሩንም ማዕረጉንም እንዳለ ትተህለት፣ ሰውየውን ብቻ ትደፋዋለህ። ሰምና ወርቅ ነው ለማለት ይቃጣል። አይደለም። ሰምና ወርቅ ሁለት ፍቺ ይፈልጋል፤ እዚህ ፍቺው አንድ ነው፣ ልብሱ ነው የተቀየረው።

ለዚህ ነው ስድቡ ከጩኸት የበለጠ ያስደሰተን። ሰውዬው የተመለሰው የነጠቁትን ይዞ ነው። አምስተኛው ክፍል ላይ ጥፋት ተብሎ የተጻፈበት ነገር ዘጠነኛው ላይ መሣሪያው ሆነ። በመካከሉ ያሉትን አራት ሳምንታት አውጧቸውና በአንድ ሌሊት እዩት፤ ጥሩ ቀልድ ሆኖ ያልፋል። እኛ ግን ያን «ትልልቅ ቃል ታበዛለህ» አራት ሳምንት ተሸክመነው ስለነበር ዘጠነኛው ላይ አብረነው ነው የተነፈስነው።

አሁን ቅሬታዬ። የመጨረሻው ክፍል፣ «ኮልድ ሃርበር»፣ 76 ደቂቃ ይፈጃል፤ ብዙውም ድንቅ ነው። ሚልቺክ ከኪር ሐውልት ጋር የሚወራወረው የመድረክ ቀልድ፣ ሐውልቱ ከሰውየው ቁመት እንደሚበልጥ ነካ የሚያደርግበት፣ ለኔ የዘጠነኛው ክፍል ታናሽ ወንድም ነው። የማርሽ ባንዱም ያስቃል፣ ያስደንቃልም። ከዚያ ግን ሄሊና ዲላን መጸዳጃ ቤት ውስጥ ይዘጉበታል፣ የመክሰስ መሸጫ ማሽን በሩ ላይ ይደገፍበታል፣ የቀረውን ሰዓት በር ሲገፋ ያሳልፋል። ጸሐፊዎቹ አሥር ሳምንት ያበሰሉትን ሰው መጨረሻ ላይ ምን እንደሚያደርጉት ግራ ገብቷቸው መሰናክል አደረጉት። ድራመንድን እንደዚያ የተናገረ ሰው ለምን አሁንም ለሉሞን በር ይገፋል? መልስ ሊኖረው ይችላል፤ ፍርሃት፣ ልማድ፣ ደመወዝ፣ ወይም ከልብ የሆነ እምነት። ከነዚህ አንዱን እንኳ ሊያሳዩን አልሞከሩም። ማሽኑ ተንኮታኩቶ ሲወጣ ፊቱ ላይ ያለው ንዴት ነው፤ ንዴቱ የማን ላይ እንደሆነ ግን እሱም የሚያውቅ አይመስልም። ይሄንን አሻሚነት ነው ብለው የሚከላከሉለት አሉ፤ ለኔ ያላለቀ ሥራ ነው።

ቲልማን በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ በድራማ ምርጥ ረዳት ተዋናይ ተብሎ ኤሚ ወሰደ፤ በዚያ ዘርፍ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ አሸናፊ ነው። እናቱን ይዞ ነበር የመጣው። ሽልማቱ መስታወቱ ፊት ለነበሩት ደቂቃዎች ብቻ ቢሆን እንኳ አይበዛበትም።

የሥዕሎቹ ነገር ግን በሱና በናታሊ መካከል ዳግም ሳይነሣ ቀረ። ሦስተኛው ሲዝን የሁለተኛው መጨረሻ በወጣበት ዕለት ታዝዟል፤ መቼ እንደሚደርሰን እንጃ፣ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመሻገር ሦስት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። ፍየሎቹን ከፈለጉ ይተዉልኝ፣ ቁጥሮቹንም እንደዚሁ። ናታሊ ያንን ነገር ከጆሮዋ ላይ አውልቃ፣ በር ዘግታ፣ ከሚልቺክ ጋር አምስት ደቂቃ ታውራ። ዓርብ ዓርብ የምጠብቀው እሱን ነው።